ሁለት ፊደል

ከሌሊቱ ስምንት፤ አዘዞ ይዘንባል፣
የእኛ ሆስፒታል ግን ጉም ውስጥ ተቀምጧል።
ከማይክሮስኮፔ ሥር አንዲት ጠብታ አለች፣
ከአጣናው ጣፊያ ላይ ትናንት የተቀዳች።

አጣናው መተማ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ፣
ከግራር ሥር ተኝቶ፣ በትኩሳት ነድዶ፣
ካላዛርን ከአሸዋ ዝንብ አፍ ተቀብሎ፣
ሆዱ ከበሮ አክሎ
መጣ በሰው ትከሻ፣ የወር ሒሳቡን ጥሎ።

ሌንሱን ሳጠራው ጥገኛው ይታያል፤
ሌላ ቤት አላሻውም፣ ዘበኛው ቤት ገብቷል።
ሊፈጨው የዋጠው ነጭ ሕዋስ ራሱ
ሆኖለት አረፈው ጎጆና አልጋ ልብሱ።

ዘበኛው ግን ባዶ እጁን አይደለም፤ አለው ጭስ፣
ከአርጂኒን ቆንጥሮ የሚያበጀው እስትንፋስ፤
ሁለት ፊደል ብቻ፣ አንድ ናይትሮጅን፣
ጎኑ ላይ የለጠፈ አንድ ኦክስጅን።
ዕድሜው ጥቂት ሴኮንድ፤ ቀለም የለው፣ ጥላ፤
ጥገኛውን ግን ያንቃል፣ ሳይታይ፣ ከኋላ።

ይህንኑ ፊደል ነው
ማታ አልጋ ሰባት ላይ ሌላ ሰው ያነበበው።

አቶ ባዘዘው ናቸው፤ በጠዳ ካባ ላይ
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድማሚት ለድንጋይ
ሲያጎርሱ የኖሩ። ማታ ደረታቸው
እንደ አለት ጠጥሮ ትንፋሽ ሲያሳጣቸው፣
ነርስ ስንዱ መጥታ «ምላስዎን ያንሱ»፣
አንዲት ክኒን ከሥሩ፣ «አሁን ይተንፍሱ»።
ጥቂት ቆዩና ግንባራቸውን ይዘው፦
«አንቺ ልጅ፣ ይህ ራስ ምታት እኮ የማውቀው ነው!
ድማሚት በእጄ ነክቼ በዋልሁ ቁጥር
ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ይመጣ ነበር!»
ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ያው ናይትሮግሊሰሪን፣
ጋራ ሲያፈርስ ኖሮ ዛሬ የልብ ሥርን
በቀስታ አላልቶ፣ ያንን ጥንድ ፊደል
በምላስ ሥር አሹልኮ «እፎይ» አሰኝቷል።

አልጋ ሦስት ግን አለች፣ የሻረግ የምትባል፤
ከወለደች አራት ቀኗ፤ ተህዋስ ደሟን ወርሯል።
ዘበኞቿ ሁሉ ባንድ ሌሊት ነቅተው
ያንን ጭስ ለቀቁት መጠኑን ዘንግተው።
የደም ሥሯ ሁሉ እንደ ራሰ ገመድ
ላልቶ ተዘረጋ፤ ግፊቷ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣
ስልሳ፣ አምሳ፣ አርባ፤ ስንዱ ትጣራለች፣
ጓንቷን ሳታወልቅ ቁጥር ትቆጥራለች።
ጭሱም ብቻውን አይደል። ከአህያ የዋለች ጊደር
ምን ተምራ እንደምትመጣ ታውቃላችሁ፤ እሱም ሲያድር
ከሱፐርኦክሳይድ ጋር፣ ፐርኦክሲናይትራይት ሆነ፤
ኩላሊቷን፣ ሳንባዋን፣ ያገኘውን በተነ።
ሌባ ሊያባርር ብሎ ችቦ የለኮሰ
የገዛ ጣሪያውን ከሌባው ጋር ጨረሰ።

አጎቴ መሪጌታ ቅኔ ሲያስነግሩ
«ኅብር» የሚሉት አለ፤ አንድ ቃል፣ ሁለት ምሥጢሩ።
ስለዚህ ነገር ባጫውታቸው አንድ ለት
«ቆይ፣ መርዝ ነው» አሉኝ፣ «ወይስ መድኃኒት?»
ስንት? የት? ከማን ጋር? ያ ነው የእኔ ዕውቀት፤
እሱም መልስ አይሆንም
በር ላይ ለቆመችው ለየሻረግ እናት።

ሊነጋ ነው። ቀሃ ወንዝ ወፎቹ ተነሡ።
የአጣናውን ቅጽ ሞላሁ፦
ስድስት ፕላስ የነበረው ጥገኛ፣ ዛሬ ሁለት ፕላስ።
አልጋ ሰባት «ቁርስ የለም ወይ?» ብለዋል፣ ራሳቸውን በነጠላ አስረው።
አልጋ ሦስት አንሶላው ተቀይሯል።

መስኮቱ ጋ ቆሜ መስታወቱ ላይ ተነፈስሁ፤
በእኔም ትንፋሽ ውስጥ አለ። በጣቴ ሁለት ፊደል ጻፍሁ።
ጥቂት ሴኮንድ ቆየ።
ጠፋ።